ለቶር ካማር አፈር የተሰጠ አደራ

ብራድፎርድ፣ ረጀብ 12 ቀን 1406

ለተከበሩ ካካ ሙርሳሊን፣ ጉንዲ ኬል መንደር፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በባለቤትዎና በግቢዎ ሁሉ ላይ ይውረድ። ይህን ማን ጻፈው ብለው እንዳይቸገሩ አስቀድሜ ልናገር። እኔ የጠረፍ ፖሊስ ሱቤዳር፣ ማለትም የኬላ አዛዥ፣ የነበረው የታጅበር ልጅ ማርጃና ነኝ። አያቴና የእርስዎ አባት የአጎት ልጆች እንደነበሩ እናቴ ነግራኛለች። አባቴ ሲሞት እኔ የጡት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ይዛኝ ወደ ወገኖቿ ወደ ፔሻዋር ሄደች። እዚያው ተዳርኩ፤ ባሌ ወደ እንግሊዝ አገር አመጣኝ፤ ሁለታችንም የሱፍ ፋብሪካ ሠራን። እሱ ካለፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ልጅ አልወለድንም። እናቴም ባለፈው ክረምት አረፈች።

ከአባቴ ወገን በሕይወት አለ ብዬ የማውቀው ስም አሁን የእርስዎ ብቻ ነው። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። አባቴ የተቀበረው የት ነው? የት እንዳገለገለ፣ እንዴት እንደሞተ፣ የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉልኝ። መጻፍ የማይመችዎት ከሆነ የሚጽፍልዎት ሰው ይፈልጉ፤ ለድካሙ እልካለሁ።

በዓይን የማያውቁኝ ልጅዎ
ማርጃና

*

ጉንዲ ኬል፣ ሻዕባን 9 ቀን 1406

ለተወደድሽው ለታጅበር ልጅ ለማርጃና፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ እዚያ አያባራም የሚባለውን ዝናብ ሰንጥቆ ይድረስሽ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከጉልበቴና ከሚስቴ ምላስ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

«የሚጽፍልዎት ሰው ይፈልጉ» ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? ይህን የምታነቢውን ማን የጻፈው ይመስልሻል? እኔ! በገዛ እጄ! ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል የማታ ትምህርት ገብቼ፣ የመንደሩ እንግዳ መቀበያ በሆነው ሁጅራ ውስጥ በፋኖስ ተምሬ፣ ከአስራ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጣሁ። ሚስቴ «ዘጠኙኮ ተኝተው ነበር፤ አስረኛው ደግሞ ፋኖስ ያዥ ነው» ትላለች። ቅናት ነው። ለመንደሩ ሁሉ ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ያጠጣሁ ሰው አሁን ደግሞ ፊደል ቆፍሬ ማውጣቴ አንገብግቧታል።

ድሮ የዚህን መንደር ደብዳቤ የሚያነብ ፖስታ አዳዩ ብቻ ነበር። የአንዱን ጓዳ ለሌላው ጎረቤት ሲያድል የኖረ ሰው ነው። ያንቺን ሲያመጣ እንደ ልማዱ «ልክፈተው?» አለኝ። «እጅህን ሰብስብ!» አልኩትና ሰው በተሰበሰበበት ራሴ አነበብኩት። እውነቱን ለመናገር ድምፄን ከፍ ካላደረግሁ ማንበብ ገና አልሆነልኝም። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ወሬሽን ሰምቷል፤ ሁሉም ሰላም ብሎሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «አባቴ የት ተቀበረ?» ትያለሽ? አፍንጫዬ ሥር ነዋ! ከጥድ ዛፉ ወደ ግራ፣ ከአያትሽና ከአጎትሽ ከዘሪን መሐል፣ አረንጓዴ ጨርቅ የተሰቀለበት የሱቤዳሩ መቃብር ነው። በየኢዱ የምጠርገው እኔ ነኝ። የሬሳ ሳጥኑ የመጣ ዕለት ትዝ ይለኛል፤ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ለሰደቃ የታደለውን ጉር የሚባል የሸንኮራ ስኳር ሁለት ጊዜ ተሰልፌ በላሁ። አባትሽ ረጅም ነበር። ለፈቃድ ሲመጣ ከሰው ቀድሞ ጫማው ይሰማ ነበር ይባላል። ዝቅ ብሎ ካልሆነ በሰው በር አይገባም ነበር። የሞተው በጠረፍ ኬላ ነው፤ ዘሪን ሄዶ አመጣው። ነገሩ አለቀ። ልብሽ ይረፍ።

ፖስታ አዳዩ ጫፏ ወርቅ የሆነ ብዕር ደረት ኪሱ ላይ ይሰካል። ይህን ያልኩት እንዲያው ወሬ እንዲሆንሽ ነው።

ካካሽ ሙርሳሊን፣ ጉድጓድ ቆፋሪና ጸሐፊ

*

ብራድፎርድ፣ ረመዳን 27 ቀን 1406

ለተከበሩ ካካ ሙርሳሊን፤

በዚህ በተባረከ ወር መጨረሻ አላህ ጾምዎን ይቀበልልዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሳቅሁ። ብቻዬን እየሳቅሁ መሆኔን ሳውቅ ደነገጥኩ፤ እዚህ ቤት ውስጥ ከተሳቀ ቆይቷል።

የሚከተለውን ግን እባክዎ ሰው በሌለበት ያንብቡት።

እናቴ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «አባትሽ እዚያ ድንጋይ ሥር የለም» አለችኝ። አባቴ ከሀገሩ ርቆ ስለሞተ ጓደኞቹ፣ ወገኖቹ መጥተው እስኪወስዱት ድረስ፣ አደራ ብለው ለአፈሩ ሰጥተውት ነበር አሉ። በአደራ የተቀበረ ሰው ሳጥን አይከፈትም። ስለዚህ አጎቴ ዘሪን ሲያመጣው ፊቱን ያየ የለም። ግመሉ ግቢ ውስጥ ሲንበረከክ ሳጥኑ አጋደለ፤ ውስጡም አንድ ነገር ተንከባልሎ ኳ አለ። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ከግድግዳው ጀርባ ነበረች። «ሰው እንዲያ አይንኳኳም» አለችኝ።

በዚያን ጊዜ ያልተናገረችው ለአያቴ ብላ ነው። ሽማግሌው ታምሞ ነበርና ከነአልጋው ተሸክመው ሲያወጡት እጁን ሳጥኑ ላይ አሳርፎ «ገባህ ልጄ» አለ። በሳምንቱ ሞተ። እናቴ ከዚያ በኋላ ያን መቃብር እያየች መኖር አልቻለችም፤ ይዛኝ ወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ «ባሌ የሞተ እንጂ የተቀበረ አይደለም» እያለች አንድ ቀን እንኳ ጸጉሯን ሳትቀባ ኖረች።

ካካ፣ ማንንም ለማሳፈር አይደለም። የት እንዳለ ብቻ ልወቅ። ብዕሯን በዚሁ ልኬያለሁ።

ማርጃና

*

ጉንዲ ኬል፣ ሸዋል 20 ቀን 1406

ለማርጃና፣ ኢድሽ የተባረከ ይሁን፤

ብዕሯ ደርሳለች። ደረቴ ላይ ሰክቼ በፖስታ አዳዩ ቤት በኩል ሁለት ጊዜ አለፍኩ። የሚያስቀኝ እዚህ ድረስ ነው።

ሰው በሌለበት አንብበው አልሽኝ። ጮኾ የሚያነብ ሰው የት ይሄዳል? የምቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ወርጄ አነበብኩት። ገመድ የያዘው ሰውዬ ከላይ «ውሃ ወጣ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዝም በል፤ ድንጋይ ነው የወጣው» አልኩት።

መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ አልዋሽሽም። በየኢዱ የጠረግሁት እኔ፣ ፋቲሃ የቀራሁበት እኔ! ከዚያ ወደ ሻህ ፓሪ ሄድኩ፤ የአጎትሽ የዘሪን ሚስት ናት፤ ባሏን ቀብራ ብቻዋን ትኖራለች። ደንቆሮ ናት ስለሚባል ከበሩ ጀምሬ እየጮኽኩ ገባሁ።

«አትጩህ» አለችኝ፤ «እሰማለሁ። ደንቆሮ የምሆነው ለሚያሰለቸኝ ሰው ነው።»

«እኔስ አሰለችሻለሁ?»

«ከተማርክ ወዲህ በጣም።»

«እሺ፣ ዘሪን ያመጣው ሳጥን ውስጥ ምን ነበረ?»

እንዝርቷን አቆመች። «ድንጋይ ነበረ» አለች፤ የእህል ዋጋ እንደምትነግረኝ ሁሉ። «ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ። እንዳይንኳኳ በጥጥ ጠቀለለው። ጥጥ አነሰው።»

እሷ ቀጠለች። አባትሽ የሞተው ቶር ካማር በሚባል ኬላ ነው፤ ከታል ከተማ ወደ ላይ፣ በረዶው ካለበት። ጸደይ ሲሆን ዘሪን ሊያመጣው ወጣ። ሲደርስ ኬላው ተቃጥሏል፣ ድልድዩም ተቆርጧል። ከወንዙ ማዶ ሆኖ አንድ ጉብታና ነጭ ጨርቅ አየ። ወንዙ በቀለጠ በረዶ ሞልቷል፤ ቢጣራ አይሰማ፣ ቢገባ ይወስደዋል። ታል ሲመለስ ከቤት መልእክት ጠበቀው፤ አባቱ እያጣጣረ «ታጅበር ገባ?» እያለ ይጠይቃል። እንግዲህ ባዶ እጁን ይግባ? ገበያው ላይ ሳጥን አሠራ።

«ኋላስ ለምን ተመልሶ አልሄደም?» አልኳት።

«በየጸደዩ ጫማውን ያሳድስ ነበር» አለች። «ምን ብሎ ይሂድ? ሰውዬው ተቀብሯል! ለተቀበረ ሰው ማን አጃቢ ይሰጠዋል?»

«አንቺስ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። እጄን ዘረጋሁ፤ ለማን እንደምቀራ ግን ጠፋኝ። እንዲሁ ቆሜ ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም ጭምር። እሷም ነገሩ ገርሟት ታምመሃል ወይ ብላ ሾርባ ሠራችልኝ።

ቶር ካማር እሄዳለሁ። ከዚህ የተሻለ ጫማ ግን ያስፈልገኛል። እግሬ ትልቅ ነው፤ ታዋቂ ነው።

ካካሽ ሙርሳሊን

*

ብራድፎርድ፣ ዙልቃዒዳ 25 ቀን 1406

ካካዬ፣ አላህ እግርዎን ያበርታው፤

ጫማና ለመንገድ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። ከገበያው ትልቁን ቁጥር ነው የመረጥኩት፤ ሻጩ ለማን ነው ብሎ ሳቀ፤ «ለካካዬ» አልኩት። ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

እዚህ አዲስ ነገር የለም። ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ማሽኑ ሲቆም መንገዱም ጸጥ አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት ጓደኛዬን ይዤ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ መድኃኒቱ ያደክማታል። በቀደም የመስጊዱ የቀብር ማኅበር ሰውዬ ቤት ለቤት እየዞረ «ስትሞቱ የት አፈር ልንልካችሁ?» ብሎ መዘገበን። ሁሉም የመንደሩን ስም አስጻፈ። እኔ ጋ ሲደርስ ባዶ ተወው አልኩት።

አባቴን ካገኙት አንድ እፍኝ አፈር ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ማርጃና

*

ጉንዲ ኬል፣ ሙሐረም 15 ቀን 1407

ለማርጃና፤ አዲሱ ዓመት መልካም ወሬ ይዞልሽ ይግባ፤ ይዞልሻልም፤

አግኝቼዋለሁ! ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እስከ ታል በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእንጨት ጫኝ መኪና፣ ከዚያ ባንቺ ጫማ። ጫማው ሰፍቶኛል። የእግሬን ዝና ራሴ አጋንኜው ኖሯል፤ ጨርቅ ጠቅጥቄ ሄድኩ። የታል ሻይ ቤት ውስጥ ቶር ካማርን ስጠይቅ «የእንግዳው ምንጭ ያለበት ነው?» አሉኝ። የየትኛው እንግዳ ብል ማንም አያውቅም፤ ምንጩ ስሙ ነው።

ወንዙን ስሻገር ማዶ አንድ ሽማግሌ ጠብመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ከየት ነህ?» አለኝ።

«ከካራክ።»

«ውሃ ልትጠጣ ነው የመጣኸው?» ብሎ ብቻውን ሳቀ። የአውራጃችን የካራክ ድርቀት እዚያ ድረስ ይታወቃል!

«አይደለም፤ ጨው ላመጣልህ ነው። ቀልድህ አልጫ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ተዋደድን። ስሙ ኻይስታ ሚር ይባላል። ዳቦ አቀረበ፣ እርጎ አቀረበ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ግን አልጠየቀኝም። በልቼ ስጨርስ ራሴ ነገርኩት። ምንም ሳይል ተነሳ፤ ተከተልኩት።

ከምንጩ ሥር ባለው ደልዳላ መሬት ላይ፣ በነጭ ድንጋይ የተከበበ ጉብታ አለ። ራስጌው ላይ የውሃ ማሰሮ። ሣር አልበቀለበትም፤ በየጊዜው ይለቀማል። ያ መሬት በዚያ ገደል አገር ያለ ብቸኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝና መሬት አውቃለሁ። በቆሎ ቢዘራበት ሰው ይውጥ ነበር። ልጆቹ እናርሰው እያሉ ይጨቀጭቁታል። «አደራ ላይ ማረሻ አይወጣም እላቸዋለሁ» አለኝ።

«ስሙን ታውቁታላችሁ?» አልኩት።

«እንግዳ ስሙ ይጠየቃል እንዴ?»

«ታጅበር ነው።»

ሽማግሌው እዚያው ተቀመጠ። «ታጅበር» አለ። ደግሞ «ታጅበር» አለ። እኔ ፊደል ስጀምር እንደማደርገው ደጋገመው። ከዚያ ቀና ብሎ «ታዲያ የት ነበራችሁ?» አለኝ።

ከአጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ታሪኩን እንዲህ ነገረኝ። በዚያ ክረምት የእርሱ ሰዎችና የኬላው ፖሊሶች ሲታኮሱ ከረሙ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከኬላው ነጭ ጨርቅ ወጣ። ሱቤዳራቸው ሞቷል፤ ኬላውን ለቀው ሊሄዱ ነው፤ በረዶ ስላለ ሬሳ ይዘው መውረድ አይችሉም። የኻይስታ ሚር አባትና ሽማግሌዎቹ ሸንጎ ተቀመጡ። ጧት ሲተኩሱበት የነበረውን ሰው ከሰዓት በኋላ በአደራ ተረከቡት። ጉድጓዱን ከፖሊሶቹ ጋር አብረው ቆፈሩ። «ጸደይ ሲሆን ይመጡለታል» ተባለ። ኬላውን ያቃጠሉት ኋላ ነው፤ እሱን ግን አልነኩትም።

«አንድ ሰው መጥቶ ነበር» አለኝ። «ወንዙ ሲሞላ፣ ከማዶ። ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ጠብመንጃውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ና ብሎ ጠራው። ሰውዬው ቆሞ ቆሞ እጁን አነሳና ተመለሰ። ነገ ይመጣል ብለን ገመድ አዘጋጅተን ጠበቅን።»

«ጥይቱ የማን ነበረ?» ብዬ ጠየቅሁት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«የኛ» አለ። የማን እንደሆነ አላለም፤ የኛ።

አፈሩን ልይዝልሽ እጄን ስሰድ ያዘኝ። «አደራ አይቆነጠርም። አንተ ምኑ ነህ?»

«ዘመዱ።»

«ስንተኛ?»

አባቴንና አያትሽን፣ አያቶቻቸውንም ቆጥሬ ስጨርስ «እንዲህ ያለ ዝምድናማ ከፍየሌም ጋር አለኝ» አለኝ። ፍየሏም አየችኝ።

ነገሩ ይህ ነው፤ ከሥጋው የተወለደ ሰው ይምጣ። ወይ ይውሰደው፣ ወይ ቆሞ በቃል ለአፈሩ ይልቀቅለት። እስከዚያ ድረስ ስም ያለው ድንጋይ አይቆምለትም፣ መሬቱም አይነካም። «እኔ አርጅቻለሁ» አለኝ። «ልጆቼ እንደኔ አይጠብቁትም። ሳልሞት ይምጡ።» ሐሙስ ሐሙስ ማሰሮውን የሚሞላው ራሱ ነው።

ከሥጋው የተወለድሽ አንቺ ብቻ ነሽ። በረዶው ሳይዘጋው ነይ። እኔ ታል ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ።

የምትልኪልኝ ነገር አያስፈልገኝም።

ካካሽ ሙርሳሊን

*

ጉንዲ ኬል፣ ሰፈር 20 ቀን 1407

ለማርጃና፤

ሰላምታ ከፍ ያለ። ደብዳቤዬ ደረሰሽ? ፖስታ አዳዩን በየቀኑ መንገድ ላይ እጠብቀዋለሁ፤ «የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» እያለ ያፌዝብኛል። ከላይ በረዶ ጀምሯል ይላሉ። ባትመጪም ጻፊልኝ። ተቆጥተሽም ከሆነ ተቆጥቻለሁ ብለሽ ጻፊ፤ አነበዋለሁ።

ሙርሳሊን

*

ብራድፎርድ፣ ረቢዓል አወል 12 ቀን 1407

ለካካዬ ለሙርሳሊን፤

አላህ ለአባቴ ብለው የሄዱትን እያንዳንዱን እርምጃ በጀነት ይመንዳልዎ። ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ይህን የጎረቤቴ ልጅ እየጻፈችልኝ ነው።

መምጣት አልችልም። እዚህ ብዙ ጉዳይ አለኝ።

መጀመሪያ ወደ መንደራችን ይምጣልኝ ልልዎት ነበር። ከዚያ አሰብኩት። እዚያ ቦታው ተይዟል፤ አያቴ እጁን ያሳረፈበት ሳጥን ነው። ድንጋይም ቢሆን ይተኛበት። አባቴም ወገኖቹ ካወቁት ይልቅ ያላወቁት ሰዎች ውሃ ሲቀዱለት ኖሯል። ከዚያ አላነሳውም።

የሚከተለውን መቃብሩ ላይ ቆመው በእኔ ቦታ ያንብቡልኝ። ኻይስታ ሚር የሥጋ ልጅ በቃሉ ይናገር ብለዋል፤ ቃሉ የእኔ ነው፤ ድምፁ የእርስዎ ይሁን።

«አባቴ ታጅበር፣ እኔ ልጅህ ማርጃና ነኝ። አይተኸኝ አታውቅም። ዘግይቻለሁ። እናቴ እስክትሞት ጠብቃሃለች። የቶር ካማር አፈር ሆይ፣ አደራሽን አልበላሽም። አልወስደውም። ከዛሬ ጀምሮ አደራ አይደለም፤ የራስሽ ነው። ለጠበቁት ሰዎች ጥይቱንም ውሃውንም አንድ ላይ ሐላል ብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ። አጎቴ ዘሪንንም ሐላል ብያለሁ፤ ጥጥ ያነሰው ቸኩሎ ነው።»

አንድ ነገር ደግሞ ኻይስታ ሚርን ይጠይቁልኝ። ከአጠገቡ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አለ? የቀብር ማኅበሩ ሰውዬ ያን ባዶ ቦታ ሙይልኝ ብሎ ነው። ለወደፊት ነው፤ አይጨነቁ።

ማርጃና

*

ጉንዲ ኬል፣ ረቢዓል አኺር 8 ቀን 1407

ለልጄ ለማርጃና፤

ከዚህ እስከ ብራድፎርድ ያለው ሰማይ ሁሉ ይራራልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ሚስቴም ደህና ናቸው።

ደብዳቤሽ በደረሰ ማግስት ወጣሁ። በረዶው ጉልበት ድረስ ነው፤ ኻይስታ ሚር ገመድ ይዞ ወንዙ ዳር ወረደልኝ። «ብቻህን?» አለ።

«ቃሏን ይዣለሁ።»

«የት?»

ከደረቴ አወጣሁት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ ይናገራል?» አለኝ።

«እኔ ካለሁ ይናገራል» አልኩት። ጉራዬ መሆኑን ታውቂያለሽ።

መቃብሩ ላይ ቆምን። ልጆቹም መጡ፤ ጠብመንጃቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ ጀመርኩ። ጮኾ ማንበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ፤ ከነፋሱ በላይ ነው ያነበብኩት። «አይተኸኝ አታውቅም» የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከባድ ፊደል አልነበረበትም። ሽማግሌው «ጠፋህ እንዴ?» አለኝ። «አልጠፋኝም፤ ታገሠኝ» አልኩት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አደረስኩት። «ጥይቱንም ውሃውንም» የሚለውን ድገመው አለኝ፤ ደገምኩለት። እጁን ፊቱ ላይ አሳልፎ «ተቀብያለሁ» አለ። ልጆቹ ድንጋይ አቆሙ። ስሙን በከሰል የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንዱ ልጅ በመሮ ይቀርጸዋል። ታጅበር። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ፖስታ አዳዩ ቢያየው ይታመማል።

ከዚያ ኻይስታ ሚር ማሰሮውን አነሳና ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። «እንግዲህ ሐሙስ ምን ልሠራ ነው?» አለኝ። መልሶ ቦታው አስቀመጠው።

ያልሽውን ጠየቅሁት። «የእንግዳ ልጅ ምን ትጠይቃለች? ቦታው የሷ ነው» አለ። ልጆቹን ከበቆሎው ነገር ለሁልጊዜ ተስፋ አስቆረጣቸው። «አንተ ቆፋሪ ነህ፤ ለክተህ ምልክት አድርግላት» አለኝ። ከአባትሽ በስተቀኝ፣ ምንጩ የሚሰማበት በኩል ለካሁ። አራት ድንጋይ አኖርኩ። ዶማ አቀበለኝ። አልተቀበልኩትም። ከልጅነቴ ጀምሬ ቆፍር ተብዬ እምቢ ያልኩት ያን ብቻ ነው። ተቆጥቶ ያየኛል ስል፣ ዶማውን ራሱ ወስዶ ቤት አስገባው።

ሻህ ፓሪ ጋም ሄጄ ስለ ዘሪን ያልሽውን አነበብኩላት። ደንቆሮ ሆነችብኝ። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

አሁን ላንቺ። የጎረቤቴ ልጅ ጻፈችልኝ አልሽ፤ ባትነግሪኝም አውቅ ነበር። ፊደል ካወቅሁ ወዲህ አንዱን እጅ ከሌላው እጅ እለያለሁ፤ ያንቺን እጅ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ያቺን ማክሰኞ ማክሰኞ ሆስፒታል የምትወስጃትን ጓደኛሽን ከእኔ ሰላም በያት። መድኃኒቱን ትዋጥ፤ ቢመራትም ትዋጥ። ካካ ሙርሳሊን የሚባል፣ በካራክ አንደኛ የሆነ ሰው ቦታዋን አይቶታል በያት። ፀሐይ ጧት ያገኘዋል፤ ውሃም አጠገቡ አለ። ቦታው የትም አይሄድም፤ እሷም አትቸኩል።

ብዕሯ ቀለም ጨርሳለች። ሌላ እንዳትልኪ። ይልቅ በራስሽ እጅ አንድ መስመር ጻፊልኝ፤ ቢንጋደድም ግድ የለም። ጉድጓድ ወርጄም ቢሆን አነበዋለሁ።

ካካሽ ሙርሳሊን